ዴል 9020 ቦርዱ ሞተ ተባልኩ፤ አዲሱ ፓወር ሳፕላይም አልገጥም አለ

የፖስታ ቤቷ ጸሐፊ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት የምሠራባት ትንሽ ቤት አለችኝ። ሥራውን ሁሉ የተሸከመው አንድ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፤ ቆሞ የሚቀመጠው ትልቁ። ሰሞኑን መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። ማብሪያውን ስጫን ድምፅም መብራትም የለም። ፋኑ እንኳ አይዞርም።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ባለሙያው ገና ሳይከፍተው “ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ብትገዢ ይሻልሻል” አለኝ፤ ሁሉ ነገር የሚሰካበትን ዋናውን ቦርድ ማለቱ ነው። አልተዋጠልኝም። የተቃጠለ ነገር ሽታ የለውም። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ፓወር ሳፕላዩ፣ ኃይል የሚሰጠው ሣጥን፣ ሊሆን ይችላል ብሎ አዲስ አስገዛኝ። ስንከፍተው የአዲሱ ትልቁ ሶኬት 24 ቀዳዳ ነው፤ ቦርዱ ላይ ያለው ግን 8 ብቻ። ልጁ “ሽቦውን ቆርጠን በየቀለሙ እናገናኘው” ይላል። እኔ ፈራሁ።

ዲስኩ ውስጥ የሰው ሲቪ፣ የጨረታ ሰነድ፣ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ባለቤቶቹ በር ላይ ቆመው ይጠይቁኛል። መቁረጥ ይቻላል? ወይስ ቦርዱ እውነትም ሞቷል?

ቢጫ ሽቦ፦

እህት፣ ከ24 ወደ 8 የሚቀይር አዳፕተር ገመድ አለ። አዲስ አበባ የምታውቂው ሰው ካለ መርካቶ ያስጠይቅልሽ። መቁረጥ አያስፈልግም።

ጠጋኙ ከፍራንኮ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ከልጁ እጅ መቁረጫውን ተቀበዪው።

እዚሁ አዳማ ፍራንኮ ነው የምሠራው። 9020፣ 7020፣ 3020 እጄ ላይ የማይገቡበት ሳምንት የለም። ያገለገሉ ሆነው ከውጭ ገብተው በየቢሮው የተቀመጡ ናቸው። ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፤ እንዲሁ በወሬ ሲጣሉ ማየት ያመኛል።

የሶኬቱን ነገር ላስረዳሽ። ተራው ፓወር ሳፕላይ ለቦርዱ የተለያየ ቮልቴጅ ይልካል። ቢጫው 12 ቮልት ነው፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3። ጥቁሩ ግራውንድ፣ የኤሌክትሪኩ መመለሻ ነው። ሐምራዊው ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የማይቋረጥ 5 ቮልት ይይዛል። አረንጓዴው ፓወር ሳፕላዩን ተነሣ ብሎ የሚያዝ መስመር ነው። ኤቲኤክስ የሚባለው አሠራር በ1995 ሲወጣ ሶኬቱ 20 ፒን (አንቺ ቀዳዳ ያልሽው) ነበር፤ በኋላ 4 ተጨምሮ 24 ሆነ።

የአንቺ 9020 ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። ቦርዱ ከፓወር ሳፕላዩ የሚቀበለው ኃይል 12 ቮልት ነው። 5ቱንና 3.3ቱን እዚያው ራሱ ያወጣል። በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ የሃርድ ዲስኩን የኃይል ገመድ በጣትሽ ተከተዪው። የሚነሣው ከፓወር ሳፕላዩ አይደለም፤ ከማዘርቦርዱ ላይ ካለች ትንሽ ሶኬት ነው። ስለዚህ ከአዲሱ ላይ ቀይና ብርቱካናማ ቆርጠሽ የምታገናኚበት ቦታ የለም። ከስምንቱ ፒኖች መካከል ደግሞ የትእዛዝ መስመሮች አሉ። በስሕተት እነሱ ላይ 12 ቮልት ከገባ ያን ጊዜ ቦርዱ በእርግጥ ይሞታል። እስካሁን ግን መሞቱን ያየ ሰው የለም።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ኮምፒውተሩን ከግድግዳው ንቀዪው። ማብሪያውን ግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭነሽ ያዢ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። መልሰሽ ሰክተሽ ሞክሪ። መብራት ሄድ መጣ ካለ በኋላ ዝም ያሉ፣ በዚህ ብቻ የተነሡ ማሽኖች አይቻለሁ።

ካልተነሣ ወደ ጀርባው ዙሪ። የመብራቱ ገመድ ከሚሰካበት አጠገብ ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ከጎኗ ደግሞ ትንሽ መብራት። ፓወር ሳፕላዩ ራሱን እንዲፈትሽ የተሠራች ናት። ገመዱን ንቀዪና ሽፋኑን ክፈቺ። ወደ ቦርዱ የሚገቡትን ሁለት ሶኬቶች አውጪ፤ ባለ 8ቱን፣ ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችውን ባለ 4ቷንም። ሽቦውን አትጎትቺ። ጎኑ ላይ ያለችውን ምላስ በአውራ ጣትሽ ተጭነሽ ፕላስቲኩን ይዘሽ ሳቢ። ከዚያ ገመዱን ሰክተሽ ቁልፏን ተጫኚ። አረንጓዴ ከበራ ፓወር ሳፕላዩ ደህና ነው ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ ቦርዱ ይዞራል። ካልበራ የሞተው ፓወር ሳፕላዩ ነው። ቦርዱ ሲነቀል የሚበራ፣ ሲሰካ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ ወይም እሱ ላይ የተሰካ አንድ ነገር ሾርት አድርጓል። ይህን ሁሉ ለማወቅ መፍቻ እንኳ አያስፈልግም። ደንበኛን ሌላ ግዢ ከማለት በፊት ማንም ባለሙያ ሊያደርገው የሚገባ ነገር ነው።

ፋይሎቹ ያስጨነቁሽ ይመስለኛል፤ እነሱን በተመለከተ ተረጋጊ። ዲስኩን አውጥተሽ ሌላ ዴስክቶፕ ላይ ሰክተሽ መቅዳት ትችያለሽ። ጠባቧ ሶኬት የዳታ፣ ሰፊዋ የኃይል ናት። አንድ ጫፋቸው ስለታጠፈ ተገልብጠው አይገቡም። ካልገባ አታስገድጂው፤ አዙሪው።

አዳፕተር አለ ያለሽ ወንድሜ ልክ ነው፤ ግን 9020 ተብሎ የተጻፈበት ይሁን። ሌሎች ኩባንያዎችም 6 እና 8 ፒን ይጠቀማሉ፤ አሰላለፋቸው ይለያያል። እኔ ብሆን ያገለገለ የዴል የራሱን ነበር የምፈልገው። የአሮጌው ጎን ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንሥተሽ ያዢ። ዋቱንና የፓርት ቁጥሩን ስታሳዪ ሻጩም አይሳሳትም።

የአስቱ ልጅ፦

ማስተር፣ ጥሩ ማብራሪያ ነው። አንድ ጥያቄ። አዲሱ ፓወር ሳፕላይ ላይ ለፕሮሰሰር የሚሆን 4 እና 4 ተጣምሮ 8 የሚሆን ሶኬት አለ። የእሷ ቦርድም 8 ነው። እሱ አይሆናትም?

ጠጋኙ ከፍራንኮ፦

በፍጹም! እንኳን ጠየቅህ፤ ከመቁረጡ ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስፈራኛል። መቁረጥ ሰውን ያስፈራዋል፣ የሚገባ ሶኬት ግን ያዘናጋዋል። የፕሮሰሰሩ 8 ፒን አራቱ 12 ቮልት፣ አራቱ ግራውንድ ናቸው፤ ሌላ ነገር የለበትም። የዴሉ 8 ውስጥ ግን የትእዛዝ መስመሮች አሉ ብያለሁ። የግራፊክስ ካርዱ 8 ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ነው፤ 12 ቮልቱና ግራውንዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር ሲተያይ ቦታ ተለዋውጧል። የቀዳዳዎቹን ቅርጽ ልብ ብለህ ካየህ አንዳንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ አንዳንዱ ማዕዘኑ የተቆረጠ ነው። ቅርጹ የተለያየው ያለ ቦታው እንዳይገባ ነው። ርካሽ ሶኬት ግን ፕላስቲኩ ስለሚለሰልስ በጉልበት ይገባል።

የፖስታ ቤቷ ጸሐፊ፦

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንዳሉኝ አደረግሁ። ማብሪያውን ይዤ ቆየሁ፤ አልተነሣም። ሁለቱን ሶኬቶች ነቅዬ የጀርባዋን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ምንም አልበራ። ቦርዱ ደህና ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ፋይሎቹን አስቀድሜ የእህቴ ቤት ኮምፒውተር ላይ ቀዳሁ። የፓርት ቁጥሩን ፎቶ ለአዲስ አበባው ዘመዴ ላክሁለት። ያገለገለ ግን የዴል የሆነ፣ ባለ 290 ዋት አገኘልኝ፤ በሚኒባስ ሰው አስይዞ ላከው። ሰካሁት፣ ተነሣ! በር ላይ የነበሩት ሁሉ ሥራቸውን ወሰዱ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ ባደርኩ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ድረ ገጾች ደህንነቱ አይታመንም እያሉ አይከፈቱም። ደግሞ አዲሱን ባለ 24 ሱቁ አልመልስም አለኝ። ምን ላድርገው?

ጠጋኙ ከፍራንኮ፦

ደስ ብሎኛል እህቴ፣ በጣም!

ቀኑን የሚያጠፋው ቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። ሲአር2032 ብለሽ ጠይቂ፤ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ተነቅሎ እያለ አሮጌዋን አውጪና አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርገሽ አስገቢ። ድረ ገጾቹም በዚሁ ይስተካከላሉ። የደህንነት ማረጋገጫቸው የሚሠራበት ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ፣ ኮምፒውተሩ ድሮ ላይ ነኝ ካለ አይቀበላቸውም። ሽፋኑ ተከፍቶ እያለ ፋኑን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው። የአዳማን አቧራ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

አዲሱን አትጣዪው። ባለ 24 ፒን ቦርድ ላለው ማሽን ይሆናል፤ አሮጌው የዴል 7010 እንኳ ባለ 24 ነው። ለጎረቤትም ሊሸጥ ይችላል። ብቻ ማንም ከመሰካቱ በፊት ጀርባውን ይይ። ቀይ ተንሸራታች ማብሪያ ካለውና 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ይግፋው። የእኛ አገር መብራት 220 ነው፤ 115 ላይ እያለ ከተሰካ በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል።

ለ9020ው ደግሞ አቅምሽ ሲፈቅድ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን፣ ያዢለት። እስከዚያ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን አጥፊው። ሲመለስ ወዲያው አታብሪ፤ መረጋጋቱን በአምፖሉ እዪና ትንሽ ቆይተሽ አብሪው። ባትሪዋን ስትቀይሪ ከተቸገርሽ ይዘሽው ነይ፣ ለእሷ ገንዘብ አልቀበልም።