የአጎቴን የፎቶ ቤት ዕቃ ሸጬ ያገለገለ ስካነር ልግዛ ወይ?

ጥያቄ (የፎቶ ቤት ልጅ፣ ደሴ)

ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉት አጎቴ እዚህ ደሴ ፎቶ ቤት ነበራቸው። ቤቱ ሲለቀቅ አንድ ዱርስት ኤም 601 ኢንላርጀር (ኔጋቲቩን አጉልቶ ፎቶ ወረቀት ላይ የሚያሳርፍ ማሽን)፣ ባለ 50 እና ባለ 80 ሚሊሜትር ሁለት ሌንሶች፣ የፊልም ማጠቢያ ታንክ፣ ትሪዎች፣ ቀይ መብራትና ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ኔጋቲቭ ተረክቤያለሁ። ከኔጋቲቩ አብዛኛው ስድስት በስድስት ሴንቲሜትር የሆነ ጥቁርና ነጭ ሲሆን፣ ቀሪው 35 ሚሊሜትር ባለቀለም ነው። በየፖስታው ላይ የደንበኛው ስም ስለተጻፈ፣ ባለቤቶቹን ወይም ልጆቻቸውን እያፈላለግሁ ቅጂውን ልሰጣቸው አስቤያለሁ።

ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሁለት ያገለገሉ ስካነሮች አግኝታለች፤ አንዱ ኒከን ኩልስካን 5000፣ ሌላው ኤፕሰን ቪ 700 ነው። የኒከኑ ዋጋ ከኤፕሰኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲሆን፣ ሻጩ «አቧራና ጭረቱን ራሱ ያጠፋዋል» ብሏታል። ገንዘቡን ለማሟላት ኢንላርጀሩን ልሸጥ ብል ደግሞ፣ የመጣው ገዢ የሚፈልገው ሌንሶቹን ብቻ ነው። የትኛውን ስካነር ልግዛ? ሌንሶቹንስ ነጥዬ ልሽጥ?

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ኒከኑን እንዲገዙ አልመክርዎትም፤ ዕቃው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ለእርስዎ ሥራ ስለማይሆን ነው። ኩልስካን 5000 የሚቀበለው 35 ሚሊሜትር ፊልም ነው፤ ስድስት በስድስቱ ከነጭራሹ አይገባለትም። ከዚያ ቤተሰብ ስድስት በስድስት የሚቀበለው ኩልስካን 9000 ነው፣ እሱ ደግሞ ከዚህም ይወደዳል፤ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘውም የዛሬዎቹ ማሽኖች በሌላቸው በፋየርዋየር ገመድ ነው።

ሻጩ ስለ አቧራና ጭረት የተናገረው ለባለቀለሙ ፊልም ልክ ነው። ስካነሩ አቧራውን የሚለየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲሆን፣ ይህ ብርሃን ባለቀለሙን ምስል አልፎ ይሄድና የሚያግደው አቧራና ጭረት ብቻ ይሆናል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉ የተሠራው ከብር ስለሆነ ብሩ ራሱ ብርሃኑን ያግደዋል፤ ማሽኑም የሰውየውን ፊት እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊያጸዳው ይነሳል። ስለዚህ ለአብዛኛው ኔጋቲቭዎ ይህ ችሎታ ምንም አይጠቅምዎትም።

ኤፕሰኑ በወረቀት ላይ 6400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያነበው የነጥብ ብዛት) ይባል እንጂ በተግባር የሚያወጣው ዝርዝር ወደ 2300 ገደማ ነው። ይህ ለ35 ሚሊሜትር ሰባት ሜጋፒክስል ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ስድስት በስድስቱ ትልቅ ስለሆነ 25 ሜጋፒክስል ያህል ይሰጥዎታል፤ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ፎቶ ለማተም ይበቃል።

የአክስትዎ ልጅ ከመክፈሏ በፊት አንድ ነገር ታረጋግጥ፦ የፊልም መያዣዎቹ በተለይም የስድስት በስድስቱ አብረው መኖራቸውን። እኔ «ስካነሩ ንጹሕ ነው» ተብዬ ገዝቼ ቤት ስደርስ መያዣ የሚባል ነገር አልነበረውም። ኔጋቲቩን መስታወቱ ላይ ባስተኛው ምስሉ ደበዘዘ፤ በላዩም ዘይት ውኃ ላይ እንደሚሠራው ዓይነት ቀለበት ወጣበት። መያዣውን ለብቻው ለማግኘት አራት ወር ፈጅቶብኛል። ክዳኑን ከፍታ የመስታወቱን የውስጥ ገጽ በእጅ ባትሪ ታብራበት፤ ጉም የመሰለ ነገር ካለ ዋጋ ታስቀንስበት። ለጉዞ ሲታሸግም የማንበቢያው ክፍል እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘውን መቆለፊያ አትርሳ።

መልስ (የቀድሞ ፎቶ አጣቢ፣ አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ሌንሶቹን ነጥለህ ከሸጥህ የሚቀርህ ብረት ብቻ ነው፤ ለብረቱ ገዢ አታገኝም። ኢንላርጀር ሲሸጥ ዋጋ የሚያወጣው አብሮት ባለው ትንንሽ ዕቃ ነው። ኔጋቲቩ የሚገባበት መያዣ አለ ወይ? ለሁለቱም መጠን? የሌላ ሥሪት መያዣ ልክ አይሆንለትምና እሱ ከጠፋ ማሽኑ ቆሞ ይቀራል። ታንኩንም ክፈተው፤ መሐሉ ላይ የሚቆመው ቱቦ ከሌለ ክዳኑ ቢገጠምም ብርሃን ያስገባልና ፊልም ያቃጥላል። ይህን ሳያውቁ ታንኩን ብቻ የሚሸጡ ሞልተዋል።

ሌንሶቹን በጨለማ ከኋላ በኩል ባትሪ አብርተህ እያቸው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካየህ ሻጋታ ነው፤ ለገዢው ሳትደብቅ ንገረው። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን ጥቁር ሽፋንም ውስጡን አብርተህ ከውጭ ተመልከተው፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ወረቀት ታበላሻለች።

ከአሜሪካ ኢንላርጀር ወይም ሰዓት ላስመጣ የሚል ካለም አንድ ልንገር። እኔ ግራላብ 300 የሚባለውን ትልቁን የጨለማ ክፍል ሰዓት (ወረቀቱ ላይ ብርሃን የሚያርፍበትን ጊዜ የሚለካውን) በዘመድ አስመጥቼ፣ ለ120 ቮልት ትራንስፎርመር አበጅቼለት ሥራ ጀመርሁ። ፎቶው ሁሉ ይጠቁርብኝ ጀመር። ወረቀቱን ጠረጠርሁ፣ መድኃኒቱን ለወጥሁ፤ በመጨረሻ ከእጅ ሰዓቴ ጋር ሳስተያየው አንድ ደቂቃ ያለው 72 ሴኮንድ ሆኖ ተገኘ። የሰዓቱ ሞተር የሚዞረው በኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ (በሴኮንድ በሚመላለስበት ብዛት) ልክ ነው፤ የእነሱ 60 የእኛ 50 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ደግሞ ቮልት እንጂ ድግግሞሽ አይለውጥም።

መልስ (ከፍራንክፈርት)

ከዚህ በላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ግን ኢንላርጀሩ ጨርሶ ባይሸጥ እመርጣለሁ። እኔ የራሴን ኢንላርጀር የላይኛውን ክፍል ከምሰሶው አውርጄ በምትኩ ካሜራ አስሬበታለሁ። ከሥር ነጭ የብርሃን ሰሌዳ፣ ከላዩ ኔጋቲቩን ከነመያዣው አድርጌ በማክሮ ሌንስ (ከቅርብ በሚያነሳ ሌንስ) አነሳዋለሁ። ምሰሶው ከባድና ቀጥ ያለ ስለሆነ ካሜራው አይነቃነቅም፤ ኤፕሰኑ ለአንድ ኔጋቲቭ ደቂቃዎች ሲወስድ እኔ በዚያው ጊዜ አንድ ሙሉ ጥቅል እጨርሳለሁ። ሦስት ሺህ ኔጋቲቭ ላለው ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። ካሜራና ማክሮ ሌንስ ከሌለዎት ግን ከዜሮ መጀመሩ ከስካነሩ ይበልጥ ያስወጣዎታል።

መልስ (የፎቶ ቤት ልጅ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካሜራ ስለሌለኝ ኤፕሰኑን እንድትገዛልኝ ነግሬያታለሁ፤ መያዣዎቹ ተሟልተው መኖራቸውንም በፎቶ ልካልኛለች። ጋሽዬ ያሉትን ሰምቼ ታንኩን ብከፍተው ቱቦው አለ። የኢንላርጀሩ የስድስት በስድስት መያዣ ማሽኑ ውስጥ ተገኘ፤ በውስጡም አጎቴ ሳያነሱት የቀረ አንድ ኔጋቲቭ አለ፣ አንዲት ሙሽራ ከሁለት ሚዜዎቿ ጋር ቆማለች። የ35ቱን መያዣ ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ ኤም 601 ኖሮት ትርፍ መያዣ ያለው ሰው ካለ እገዛዋለሁ። ኢንላርጀሩን ለጊዜው አልሸጥም።