ሬይ የታጎርን መጨረሻ መለወጡ ልክ ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክራችን «ቲን ኮንያ» («ሦስት ሴት ልጆች») በተባለው የቤንጋሊ ፊልም ላይ ነው። የህንዱ የፊልም ዳይሬክተር ሳታጂት ሬይ በ1961 እ.ኤ.አ. የደራሲውን የራቢንድራናት ታጎርን 100ኛ የልደት ዓመት አስታኮ፣ ከሦስት አጫጭር ልቦለዶቹ ሠራው። የመጀመሪያው «ፖስትማስተር» ነው። የካልካታ ልጅ የገጠር ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆኖ ይመደባል። ራታን የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ ታገለግለዋለች። ፊደል ያስቆጥራታል። ወባ ሲጥለው ታስታምመዋለች። ከዚያ ሥራውን ትቶ ይሄዳል። ሬይ መጨረሻውን ለውጦታል። ልክ ነው?

መምህርቷ፦ በፍጹም! ታጎር ላይ ራታን እግሩ ላይ ወድቃ ገንዘብ እንዳይሰጣት ትለምነዋለች። ከዚያ ሮጣ ትጠፋለች። እሱም ጀልባው ላይ ልመለስ ይላል፤ ግን ነፋሱ ሸራውን ወጥሮታል። ይሄ ሁሉ ፊልሙ ላይ የለም። ያውም በታጎር የመቶኛ ዓመት በዓል!

ፊልም አርታኢው፦ የተካው ግን ምንድን ነው? ራታን ባልዲ ይዛ አጠገቡ ታልፋለች። ሊሰጣት ሳንቲም ይዟል። ቀና ብላ እንኳ አታየውም። ወዲያው ድምፅዋ ይሰማል፤ ለአዲሱ ኃላፊ ውሃ አምጥቻለሁ ትላለች። ሰውየው ሳንቲሙን ኪሱ ይመልሳል። በቃ። የታጎር ተራኪ ስለ መለያየትና ስለ ሞት የሚለውን ካሜራ ፊት ቢያስነብበው እንቅልፍ ነበር የሚወስደን።

መምህርቷ፦ ትዕይንቱ አያምርም አላልኩም እኮ። ግን የሬይ ራታን ኮርታለች። የታጎሯ ይመለሳል ብላ ፖስታ ቤቱን እየዞረች ታለቅሳለች። ሌላ ልጅ ናት።

ሲኒማ ወዳዱ፦ አንድ ትዕይንት ተለወጠ ብላችሁ ትጮሃላችሁ። ለውጭ አገር ተመልካች ሲወጣ እኮ መካከለኛው ታሪክ፣ «ሞኒሃራ»፣ ጭራሽ ቀርቶ «ሁለት ሴት ልጆች» ተብሎ ነበር። ብዙ ሰው ሙሉውን ሳያይ ነው የሚፈርደው።

ፊልም አርታኢው፦ እሱ ሌላ ጉድ ነው፤ ርዕስ አታስቀይረን። እና መምህርት፣ ኮራች ያልሽውን አልቀበልም። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። ድሃ ልጅ አንዱ ሲሄድ ለሚቀጥለው ውሃ ትቀዳለች።

መምህርቷ፦ እንዲህ ከሆነማ ሬይ ከታጎር ይብስ ጨክኗል።

ፊልም አርታኢው፦ አዎ፣ በሰውየው ላይ። ታጎር ነፋስና ወንዝ ሰጥቶት ነበር፣ እንዲያመካኝ። ሬይ ምንም አልሰጠውም።

መምህርቷ፦ ይሄስ ይሁን። የራታንን ተስፋ ለምን ወሰደባት?