ለተበዳዮች የመዝገባቸውን ሂደት ስለማሳወቅ፦ በማኅበራችን የጥያቄ ረቂቅ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ጥያቄያችን ያው ነው፤ ተጠርጣሪው ሲያዝ፣ ክስ ሲመሠረት ወይም መዝገቡ ሲዘጋ፣ ዋስትና ሲፈቀድ እንዲሁም ፍርደኛው ሲፈታ ለተበዳዩ በዚያው ቀን ይነገረው። ገንዘብ ያዡ የስልክ መልእክቱን ወጪ፣ አባል 3 ደግሞ የማመልከቻ ቅጹን እስከ አርብ ያቅርቡ።

የሕግ ክፍል፦ «ተበዳይ» የሚለው ቃል ከርዕሱ ይውጣ። ፍርድ ሳይሰጥ ሰውን ተበዳይ ማለት ፍርድ ቤቱን መቅደም ስለሆነ «ተጎጂ» ይባል።

አባል 1፦ ችሎቱ ራሱ «የግል ተበዳይ» እያለ ይጽፋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ያጸደቀው መግለጫም አንድ ሰው በዚህ ስም ለመጠራት ፈጻሚው መታወቅም፣ መያዝም፣ መፈረድበትም እንደማያስፈልግ በግልጽ አስፍሯል።

የሕግ ክፍል፦ የዚህን ማኅበር ደብዳቤዎች ለዓመታት ያረምኩት እኔ ነኝ። ቃሉ ካልተለወጠ ስሜ ከረቂቁ ይሰረዝ።

አባል 2፦ የልጄ መዝገብ መዘጋቱን የሰማሁት ከ7 ወር በኋላ፣ ቀጠሮ ልጠይቅ መስኮት ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ሠራተኛዋ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «ይሄ እኮ አልቋል» ስትለኝ ነው። ለምን እንደተዘጋ የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም። እናንተ ሦስት ቀን ሙሉ በአንድ ቃል ትከራከራላችሁ።

አባል 4፦ እኔ የምፈራው ሌላ ነው፤ ባልና ሚስት በአንድ ስልክ በሚጠቀሙበት ቤት መልእክቱ ተከሳሹ እጅ ይገባል። ተበዳዩ መልእክቱ በየት እንዲደርሰው፣ ጭራሽ እንዲደርሰው ይፈልግ እንደሆነም አስቀድሞ ይጠየቅ።

የሕግ ክፍል፦ ትናንት የጻፍኩት ከልክ ያለፈ ነበር፤ እናትየዋን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለቱም ቃላት ይግቡና ልዩነታቸውን የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት አዘጋጃለሁ።

አባል 1፦ በዚህ እስማማለሁ፤ «ዋስትና»፣ «ቀጠሮ» እና «ይግባኝ» የሚሉትም ይብራሩበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ለስልክ መልእክት የተያዘው ገንዘብ ለበራሪ ወረቀቱ ኅትመት ይዋል። አባል 3 ከአርብ ወዲህ ስልክ አያነሱም፤ ቅጹም አልደረሰኝም።

ጸሐፊ፦ አራቱ የማሳወቂያ ጊዜያትና የአባል 4 ሐሳብ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፈዋል።

አባል 2፦ እንግዲያው በወረቀቱ ጀርባ የመዝገብ ቁጥር፣ የመርማሪው ስምና የቀጠሮ ቀን የሚጻፍበት ባዶ መስመር ይኑር። እኔ ቁጥሩን በመዳፌ ላይ ጽፌ ነበር የምሄደው።