ማስታወሻ ደብተሩን ሲያነብ ወደ ልጅነቱ የሚመለሰው ልጅ፦ የፊልሙ ስም ጠፋብኝ

የኮልፌዋ፦ ሰላም ቤቶች፣ እስቲ እርዱኝ። አንድ ወጣት የልጅነት ማስታወሻ ደብተሩን ሲያነብ ፊደሎቹ ይንቀጠቀጡና ወደዚያች ቀን ይመለሳል። የሆነውን ይቀይራል። ሲነቃ ግን ሌላ ነገር ተበላሽቶ ይጠብቀዋል፣ አፍንጫውም ይደማል። እኔ ከሲዲ ቤት ተከራይቼ ሳየው መጨረሻው ላይ ሳይወለድ ይቀራል። ወንድሜ ከጓደኛው ፍላሽ ላይ አይቶት "ኧረ በሕይወት አለ" ይለኛል። ማናችን ተሳሳትን? እሁድ ከእማዬ ጋር ላየው አስቤ ነበር።

ፊልም ሱሴ፦ "ዘ በተርፍላይ ኢፌክት"፣ በፈረንጆቹ 2004። ልጁ አሽተን ኩቸር ነው።

የቀድሞ ሲዲ አከራይ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ስንት ደንበኛ በዚህ ተጣልቶብኛል! ፊልሙ ከአንድ በላይ መጨረሻ አለው። ሲኒማ ቤት በታየው፣ ልጁ የሚወዳትን ኬይሊን መጀመሪያ ወዳገኘበት ቀን ይመለስና ሆን ብሎ ክፉ ቃል ይናገራታል፤ እንዳትቀርበው። ከዓመታት በኋላ ኒውዮርክ ውስጥ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። በዳይሬክተሮቹ ቅጂ ግን ማህፀን ድረስ ይመለሳል። ደቂቃውን እዪ፦ የሲኒማው 1 ሰዓት ከ53 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ያንቺው 2 ሰዓት ይሞላል።

የሦስት ልጆች እናት፦ ከእናት ጋር? ኧረ በፈጠረሽ! ሕፃናት ላይ የሚደርስ ጥቃት አለበት፣ የውሻውም ነገር አለ። ማህፀን ያለበትንማ እናት ባታየው ይሻላል። ይልቅ የ2013ቱን "አባውት ታይም" ሞክሪ። ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው አባቱ "የቤታችን ወንዶች ወደኋላ መመለስ እንችላለን" ይለዋል። ጨለማ ቦታ ገብቶ እጁን መጨበጥ ነው፣ በቃ። አልጋ ላይ የሚሆን ነገር ስላለ ሪሞቱን አትልቀቂ።

የኮልፌዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አባዬ ካረፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ እማዬን ያስለቅሳት ይሆን?

የሦስት ልጆች እናት፦ ውይ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እንግዲያው ልንገርሽ። አባትየው በካንሰር ይሞታል። ልጁ ወደኋላ እየተመለሰ ያየዋል። ግን ልጅ ሲወለድለት ከልደቱ በፊት ወዳለው ጊዜ ከሄደ፣ ሲመለስ የሚያገኘው ሌላ ልጅ ነው። ሚስቱ ሦስተኛ ልጅ ትፈልጋለች። ሕፃኑ ከተወለደ ደግሞ ሰውየው አባቱን ዳግም አያየውም።

ፊልም ሱሴ፦ እኔ እዚያ ላይ ነው የተዝረከረክሁት።

የሦስት ልጆች እናት፦ ቅዳሜ ማታ ብቻሽን እዪው። አባትና ልጅ ባሕር ዳርቻ የሚሄዱበት ቦታ አለ። እሱን ካየሽ በኋላ እሁድ እማዬን ትጠሪ እንደሆነ ወስኚ።