ፎቶሾፕ ላይ የተከፈተን ፎቶ ዋናውን ሳልነካ እንዴት ላባዛ?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን የድሮ ፎቶ አምጥተውልኛል። ጥቁርና ነጭ ነው። መሐሉ ተሰንጥቋል፣ አንድ ጥጉ ተቀዷል። ሌላ ፎቶ የላቸውም። ስካን አድርጌ ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁበት፤ አሁን 7 ሌየር (በላይ በላዩ የተደራረበ ንብርብር) አለው። ልጆቻቸው ቀለም ይግባበት ይላሉ። እሳቸው ግን «ስንጋባ የተነሳው ነው፤ እንዳለ ይሁንልኝ» አሉኝ። ስለዚህ ለቅዳሜ ሁለቱንም ላደርስ ነው።

ድሮ የአንዲት ሙሽራን ፎቶ ስሞክር በላዩ ሳቭ አድርጌ ዋናውን አጥፍቻለሁ። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ይሄኛው እንዲያ እንዲሆን አልፈልግም። ኮንትሮል ጄ ስል ሌየሩ ብቻ ነው የሚባዛው። ሙሉውን ፋይል ከነሌየሮቹ እንዴት ላባዛ?

መልስ፦
እህቴ፣ ከላይ «ኢሜጅ» የሚለውን ክፈቺ፤ ውስጡ «ዱፕሊኬት» አለ። ስም ይጠይቅሻል፤ «ባለቀለም» በይው። እዚያው «ዱፕሊኬት መርጅድ ሌየርስ ኦንሊ» የምትል ሳጥን አለች። እሷን እንዳትነኪ! ምልክት ካደረግሽባት 7ቱም ሌየር አንድ ላይ ይጨፈለቃል። ኦኬ ስትዪ ኮፒው በሌላ ታብ ይከፈታል፤ ዋናው እዚያው ይቆይሻል።

ሌላ መልስ፦
አንድ ነገር ልጨምር። ያ አዲሱ ኮፒ ገና ዲስክ ላይ አልተቀመጠም። መብራት ቢጠፋ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ፎቶሾፕ በየ10 ደቂቃው ለራሱ መጠባበቂያ ይይዛል፤ እሱን ተማምነሽ ግን አትቀመጪ። እንዳባዛሽው ወዲያው በፒኤስዲ (ሌየሮቹን በሚይዘው የፎቶሾፕ ፋይል) ሳቭ አድርጊው። ጄፔግ ሌየር አይዝም፤ እያረምሽ ደጋግመሽ ሳቭ ባደረግሽው ቁጥርም ጥራቱ ይቀንሳል። ጄፔጉን ለማተሚያ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ አውጪው።

ሌላ መልስ፦
በጊምፕ (በነፃው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም) የምትሠሩ ደግሞ ሙሉውን ፎቶ ለማባዛት ኮንትሮል ዲ በቂ ነው። ኮፒው ላይ ግን ከመባዛቱ በፊት የተሠራውን «አንዱ» (Undo) ብሎ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም፤ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሠራ! መጀመሪያ ሳቭ አደረግኩት። ግን ቀለም ሳስገባ ግንባራቸው ላይ ያላየሁት ጭረት አገኘሁ። በአዲስ ሌየር አጸዳሁት። ዋናው ላይ ግን ጭረቱ አሁንም አለ። እንደገና ልሥራው?

የመጀመሪያው መላሽ፦
አያስፈልግም። ሁለቱን መስኮት ጎን ለጎን አድርጊ። በሙቭ ቱል (በማንቀሳቀሻው መሣሪያ) ያቺን የጭረት ሌየር ይዘሽ ወደ ዋናው ጎትቻት፤ ሺፍትን ሳትለቂ ጣያት። የሁለቱ መጠን እኩል ስለሆነ ልክ ቦታዋ ላይ ታርፋለች። ቀለም የገባበት ሌየር ግን አብሮ እንዳይሄድ።

ጠያቂ፦
አረፈች! ጭረቱ ከሁለቱም ጠፋ። አሁን ጥቁርና ነጩን በትልቁ ላትምላቸው ነው።