የባስ ዓሣ ማባበያዬ እጅና እግሩ ተበጥሶ ይመለሳል፤ ምን ላድርግ?

የሐዋሳ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ «ክሪቸር» የሚባለውን ባለ ብዙ እጅና እግር ለስላሳ የፕላስቲክ ማባበያ ገዛሁ። ሣሩ አጠገብ ስጥለው ክሩ ወዲያው ይንቀጠቀጣል፤ ስስብ ግን ዓሣ የለም፣ የማባበያው ጅራት ወይም አንድ እጁ ተበጥሷል። ሐዋሳ ሐይቅ ላይ በትል ቆሮሶ ስናጠምድ ክሩ እንደተንቀጠቀጠ መሳብ ነበር። እዚህ ምን ይለያል? መንጠቆውን ላሳንሰው?

ማታዎማን

ወንድሜ፣ መንጠቆህን አታሳንስ። ያ ቶሎ ቶሎ የሚነካካው ብሉጊል የሚባለው ትንሽ ዓሣ ነው። አፉ ትንሽ ስለሆነ ማባበያውን መዋጥ አይችልም፤ የተንጠለጠለውን ይዞ ይጎትታል፣ ይበጥሳል። ባስ አፉን በርግዶ ውሃውን ከነማባበያው ይስባል። እጅህ ላይ የሚደርሰው አንዲት «ጠቅ» ናት፤ ብዙ ጊዜ እሷም የለችም። ክሩ መስመጡን ትቶ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወይም ታች ሳይደርስ ይቆማል። ክሪቸር በአብዛኛው የሚነከሰው እየሰመጠ ሳለ ነውና ዓይንህን ከክሩ አትንቀል።

አሰካኩ ቴክሳስ ሪግ የሚሉት ይሁን፤ እንዲህ ነው። የጥይት ቅርጽ ያለውን የእርሳስ ማስመጫ ክሩ ላይ አስገባና መጠኑ 4/0 የሆነ መንጠቆ እሰር። ጫፉን በማባበያው አፍንጫ አስገብተህ ጥቂት ዝቅ ብሎ አውጣው፤ አዙረህ በሆዱ አሳልፈውና ጀርባው ላይ ቆዳውን ብቻ አስይዘው። እንዲህ ሲሆን ሣር አያነቅፈውም፣ ዓሣው ሲነክስ ግን ጫፉ በቀላሉ ይወጣል። ሰክተህ ስትጨርስ አንጠልጥለህ እየው። ትንሽ እንኳ ከጎበጠ ሲሰምጥ ይሽከረከራል፣ ክርህንም ያጠማዝዛል፤ ነቅለህ እንደገና ስካው።

ሣሩ ሳሳ ካለ 7 ግራም እርሳስ ይበቃል። ሃይድሪላ የሚባለው የውሃ ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ውሃውን ሲሸፍን ግን 20 ግራምና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ እርሳሱንም በትንሽ የጎማ ማቆሚያ ከማባበያው ጋር አጣብቀው። አለበለዚያ እርሳሱ ብቻውን ይወርድና ማባበያው ሣሩ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል።

ደግሞ ሰዓቱን ምረጥ። ፖቶማክ ከዋሽንግተን በታች ባሕሩን ተከትሎ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲሞላ ባስ ሣሩ ውስጥ ይበተናል፤ ሲጎድል ወደ ሣሩ ጠርዝ ይወጣል። እኔ መጉደል ከጀመረበት ሰዓት ጋር የማወዳድረው ጊዜ የለም!

ጀልባ የሌለው

ማታዎማን ጥሩ አድርጎ ነግሮሃል። እኔ የምጨምረው፦ ማባበያህ በጥርስ የተቦጫጨቀ ከመሰለህ ስኔክሄድ የሚባለው ጥርሳም ዓሣም ሊሆን ይችላል። በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ከተገኘ ወዲህ እዚያው ተራብቷል፤ ከያዝከው በሕይወት ይዘኸው እንዳትሄድ፣ ክልክል ነው። ባስ ደግሞ ከማርች 1 እስከ ጁን 15 ከ15 ኢንች ካነሰ መልሰው። ወንዙ ሜሪላንድን፣ ቨርጂኒያንና ዲሲን ስለሚያዋስን ፈቃድህ የትኛው ዳርቻ ላይ እንደሚሠራ አስቀድመህ አረጋግጥ። የተበጣጠሰውን ፕላስቲክም እባካችሁ ውሃ ውስጥ አትጣሉት፤ ዓሣ ይውጠዋል፣ ከሆዱም አይወጣለትም።

የሐዋሳ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። አንድ ነገር ብቻ፦ «ጠቅ» ሲል ወዲያው ልሳብ ወይስ እስኪውጠው ልጠብቅ?

ማታዎማን

እስኪውጠው አትጠብቅ፤ መንጠቆው ጉሮሮው ውስጥ ከገባ ብትለቀውም ላይተርፍ ይችላል። ዘንጉን ወደ ውሃው ዝቅ አድርግ፣ የላላውን ክር ቶሎ ጠቅልል፣ ክብደቱ እንደተሰማህ ዘንጉን በሁለት እጅህ ወደ ላይ በኃይል ሳበው። ክሩ ላልቶ ሳለ ከሳብክ ግን ጫፉ ከፕላስቲኩ አይወጣም። ሣር ውስጥ ከሆነ ፋታ አትስጠው፤ አንዴ ግንዱ ላይ ከተጠመጠመ አታወጣውም። ለዚህ ነው እኔ ሃይድሪላ ውስጥ የተጎነጎነ ወፍራም ክር የምጠቀመው።