ከማህፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ ገላዬ ላይ ስለቀረው ጠባሳ ምክር እጠይቃለሁ

ከ7 ወራት በፊት በማዮማ (ካንሰር ባልሆነ የማህፀን እጢ) ምክንያት ማህፀኔ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል። ከእምብርቴ ወደ ታች የሚወርደው ቁስል የተዘጋው በብረት ስቴፕል (ቆዳን በሚያያይዙ ትንንሽ ሽቦዎች) ነበር፤ ስቴፕሉ ሲነሣ ግን የታችኛው ጫፍ ስለተከፈተ፣ እንደገና ሳይሰፋ በየቀኑ ፋሻ እየተቀየረለት ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ በቀስ እንዲሞላ ተደረገ። ቁስሉ ድኗል፤ እኔ ግን የዳንኩ አይመስለኝም።

ጠባሳው ወፍራምና ቀላ ያለ ነው፤ በግራና በቀኙም የስቴፕሉ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ልብሴን ስቀይር ፊቴን ከመስታወት አዞራለሁ፤ ባለቤቴም አንድም ክፉ ቃል ሳይናገረኝ፣ መብራት ካልጠፋ በቀር አልቀርበውም። ለዓመታት ከቆየ የደም መፍሰስ ላሳረፈኝ ሕክምና አመስጋኝ ሆኜ ሳለ በገላዬ ማዘኔ ራሱ ስለሚያሳፍረኝ፣ ለሐኪሜ እንኳ አልተናገርኩም።

ጠባሳ እስኪበስል፣ ማለትም ለስልሶና ደብዝዞ እስኪረጋ፣ ከ1 ዓመት በላይ ሊወስድ እንደሚችል፣ ከቁስሉ ወሰን ያላለፈ ጠባሳም ከኬሎይድ (ከቁስሉ ወሰን አልፎ ከሚያድግ ጠባሳ) እንደሚለይ አንብቤአለሁ። የሲሊኮን ልጣፍ ወይም የስቴሮይድ መርፌ የሞከራችሁ፣ አለዚያም ጠባሳውን አስቆርጣችሁ ከቆዳ ሥር በሚሄድ ስፌት ዳግም ያስዘጋችሁ እህቶች፣ ምን ለውጥ አያችሁ? ከሁሉ በላይ ግን፣ ይህን ስሜት ለሐኪም በምን ቃል ጀምራችሁ ነገራችሁት?